ንጉሥ ሥራ የለውም?

የዕለቱ ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 3፥9-20፤ ዘዳግም 31፥19-21፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥25

 ዛሬ የምጽፍላችሁ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፦ መዝሙር ስለ መስማት። ስለ መዘመር ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተሰብኳል። እኔ የጎደለኝ ግን መስማቱ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ምጣድ ላይ ነበርኩ። ስልኬ መስኮቱ ላይ ሆኖ እንደ ወትሮው ይዘምራል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጣና አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?» አልኩት።

«የሚዘምረው።»

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እውነትም ዘማሪው ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር የሚዘምረው። ያ መዝሙር ስልኬ ውስጥ ከገባ ዓመት አልፎታል። በየቀኑ ይዞራል። ሳንጎራጉረው የምውልበት ቀን ሁሉ ነበር። ስለ ምን እንደሚዘምር፣ ለምን እንደሚያለቅስ ግን ለልጄ ልነግረው አልቻልኩም። «ቆይ የኔ ልጅ፣ እንጀራው እንዳያርብኝ» አልኩት። እርሱም ዝም አለ።

አክንባሎውን አንሥቼ እንጀራውን ሳወጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ መልስ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሰጥቼ አውቃለሁና።

ስልኩ ይዘምራል፣ እኔ እሮጣለሁ

የምኖረው ላሊበላ ነው። አስተማሪ ነኝ። የአስተማሪ ደመወዝ ብቻውን ቤት ስለማይሞላ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለአንድ ሆቴል እንጀራ እጋግራለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ፣ ምጣዱን አስግቼ ማሰሻዬን አዘጋጃለሁ፣ ሊጡን አወጣለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራው ይሄዳል፣ ልጆች ይነሣሉ፣ እኔ ወደ ክፍል እሮጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ደብተር አርማለሁ፣ ውኃ ካለ ጀሪካን እሞላለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ በትንሿ ጉባኤያችን የወጣቶች መዘምራንን አገለግላለሁ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ጤፍ የሚገዛው ያን ቀን ነው። እሑድ አምልኮ ነው። ይህን የምዘረዝረው ለመመካት አይደለም፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከዚህ የባሰ እንደምትሮጡ አውቃለሁ።

በዚህ ሁሉ መካከል «መዝሙር አልሰማም» ብዬ ግን አላውቅም ነበር። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ሚሞሪዬ ላይ ከአራት መቶ በላይ መዝሙር አለ። ስጋግር ይዘምራል፣ ሳርም ይዘምራል፣ ሳጥብ ይዘምራል። ቤቴ ዝም ብሎ አያውቅም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ቤት በመዝሙር መሞላቱና ሰው መዝሙር መስማቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው።

አባቴና ስልኬ

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በልጅነታቸው ከላስታ በእግራቸው ወጥተው ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄደው ድጓ የተማሩ ሰው ናቸው። ድጓ በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት የሚያልቅ ትምህርት አይደለም። ቁራሽ እየለመኑ፣ ከመምህሩ አፍ እየሰሙ፣ ሰምተው እየመለሱ፣ ሲሳሳቱ እየታረሙ ብዙ ዓመት ኖረዋል። እኔ ደሴ ኮሌጅ ሳለሁ ጌታን በተቀበልኩ ጊዜ ልባቸው ተሰበረ። ሁለት ዓመት አላናገሩኝም። ከዚያ የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ መጡ፣ ሕፃኑን አቀፉ፣ ስለ እምነት አንድ ቃል ሳይናገሩ ቡና ጠጥተው ሄዱ። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ እኔ ዘንድ መኖር ጀመሩ።

በልዩነታችን ላይ ብዙ አንነጋገርም ነበር። አንድ ቀን ግን፣ እርሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እኔ ለሆቴሉ የታዘዘ እንጀራ ስጋግር፣ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እስቲ ያንቺን መዝሙር አሰሚኝ። የምትወጂውን።»

ስንት ዓመት የጸለይኩበት ነገር ነበር። አባቴ በገዛ አፋቸው ጠየቁኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? እጄን በመቀነቴ ጠርጌ ስልኩን ከፈትኩላቸውና አንዱን መዝሙር አስነሥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬ፣ «አባዬ፣ እርስዎ ይስሙት፣ እኔ አሁን ጊዜ የለኝም፣ ሊጡ እንዳይኮመጥጥብኝ» ብዬ ወደ ምጣዴ ተመለስኩ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ስመለከት ስልኩን አጥፍተውታል። «ምነው አባዬ፣ አልወደዱትም?» አልኳቸው።

«አንቺ የምትወጂውን አንቺ ሳትኖሪ እንዴት አድርጌ እሰማዋለሁ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ስልኩን መለሱልኝ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ያን ቀን ማታ ስለ ቅዱስ ያሬድ ነገሩኝ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ1400 ዓመት በላይ በፊት አክሱም ላይ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው ይባላል። ደም ፈሰሰ፤ ያሬድም አላወቀ፣ ንጉሡም አላወቀ፣ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ቢለው፣ ያሬድ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጸጥታ እንዲኖር ፈቃድ ለመነ ይላል ትውፊቱ።

አባቴ ታሪኩን ከጨረሱ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ያሬድን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ንጉሡ ነው። ንጉሥ ሥራ የለውም? ጦርነት አለበት፣ ግብር አለበት፣ ዳኝነት አለበት። ግን ሲሰማ ሌላ ሥራ አልነበረውም።»

እኔም ሰማኋቸው፤ አልሰማኋቸውም። በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ስልኬን ከፍቼ መጋገር ጀመርኩ።

መብራቱ ሲጠፋ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ። መብራቱ፣ ስልኩ፣ ባንኩ ተቋረጠ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። እንግዳ የለምና ሆቴል እንጀራ አይፈልግም። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ጠጣ። ለቤታችን የሚሆነውን ጥቂቱን በእንጨት ጋገርን። መብራቱ ጦርነቱ ከከተማው ከራቀም በኋላ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ያን ዘመን ያለፋችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ያላለፋችሁት ጌታን አመስግኑ።

ስልኬ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አራት መቶው መዝሙር አብሮት ሞተ።

ማታ ጨለማ ነው፤ ልጆቹ ይፈራሉ። «እማዬ ዘምሪልን» አሉኝ። ጀመርኩ። አንዱን መዝሙር ጀምሬ አዝማቹን ካልኩ በኋላ ቀሪው ጠፋብኝ። ሌላውን ጀመርኩ፣ እርሱም እንዲሁ። በየቀኑ ለዓመታት ቤቴ ውስጥ ሲዘመሩ የኖሩ መዝሙሮች! ግማሽ መሥመር፣ አንድ ቃል፣ የመሣሪያው ድምፅ ብቻ ነበር የቀረኝ። እንደ ወንፊት ነበርኩ። ብዙ ፈስሶብኛል፣ የያዝኩት ግን የለም።

ከዚያ ግን ሳልፈልጋቸው ሌሎች መጡልኝ። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው፣ ሳይጎድሉ መጡ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ሁሉም ኮሌጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ናቸው።

ያን ጊዜ ዶርማችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴፕ ነበረች። ካሴቶቹ ከእጅ ወደ እጅ የመጡ ናቸው። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ወቅት መዝሙር በካሴት ላይ እየተባዛ በድብቅ ይዞር እንደ ነበር ታላላቆቻችን ይነግሩን ነበር። ከምንሰማቸው አንዱ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ነበር፤ በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት ያህል የታሰረ ሰው። የባትሪ ድንጋይ ውድ ነበር። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ድንጋዩን ላለመጨረስ ካሴቱን የምናጠነጥነው በእስክሪብቶ ነበር። ስለዚህ መዝሙር ሲከፈት ማንም ሌላ ነገር አይሠራም። አራት ሴቶች ልጆች አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠን፣ ትንፋሻችንን ይዘን እንሰማለን። ያቺ ካሴት ስትጮህ ልብስ የምታጥብ፣ ደብተር የምትገልጥ አልነበረችም። ድንጋዩ እስኪያልቅ ያለን ጊዜ ያ ብቻ ነበርና።

ተማሪ ሆኜ ያልቸኮልኩ ሆኜ አይደለም። ፈተና ነበረብኝ፣ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነበረብኝ፣ ገንዘብ አልነበረኝም። ግን የተሰማው በእውነት ተሰምቶ ነበር። ስለዚህ ጨለማው ሲመጣ የጠበቀኝ እርሱ ነው።

ከእነዚያ ማታዎች በአንዱ አባቴ ከወዲያ ጥግ፣ «ያኔ የጠየቅሁሽን አሁን ታሰሚኛለሽ?» አሉኝ።

ምጣድ የለ፣ ሊጥ የለ፣ ደብተር የለ። ምን ሰበብ አለኝ? አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከአሥራ አንዱ አንዱን፣ ስለ መስቀሉ የሚናገረውን፣ በቀስታ ዘመርኩላቸው። ድምፄ አያምርም፤ ዜማውን በረጅሙ ስይዘው ተንቀጠቀጠ። አባቴ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አገጫቸውን እጃቸው ላይ አሳርፈው ሰሙኝ። ከጨረስኩ በኋላም አልተንቀሳቀሱም። ዘለግ ካለ ዝምታ በኋላ፣ «ይህን ስትማሪው አልቸኮልሽም» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። በማግስቱም ድገሚልኝ አሉ። ከዚያም በኋላ በየማታው።

በቀጣዩ ዓመት የገና ዋዜማ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ጉልበታቸው ደክሞ ወደ ቤተ ማርያም መውረድ አልቻሉም። በሕይወታቸው ቤዛ ኩሉ ላይ ያልቆሙበት ገና ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጎሕ ሲቀድ ደጃፋችን ላይ ቁርበት አንጥፌላቸው ተቀመጥን። ከላይ የቆሙትና ከታች የቆሙት እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ድምፁ በነፋስ እየመጣ ይደርሰን ነበር። ቀድሞ «እምነቴ አይፈቅድልኝም» እል ነበር። እውነቱን ልናዘዝ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምክንያቱ እምነቴ ነበር፤ በኋላ ግን ሥራዬ ነበር፣ እምነቴን ሰበብ አደረግሁት እንጂ። ያን ማለዳ አባቴ የሚወዱትን አባቴ ባሉበት ሰማሁ። የምለያይበትን ነገር አልለወጥኩም፤ አባቴን ግን ሰማሁ።

መብራቱ ከተመለሰ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፉ። በእርሳቸውና በጌታ መካከል ያለውን ለጌታ ትቻለሁ። ያን የመስቀሉን መዝሙር ግን በመጨረሻው ሳምንታቸውም ድገሚልኝ ብለውኛል።

ይህን ስጽፍ የማፍርበት አንድ ነገር አለ። አባቴን እንድሰማ፣ ለአባቴም እንድዘምር ጊዜ የሰጠኝ ጦርነት ነው። እኔ አይደለሁም። ምጣዴ ሲሞቅ ደግሞ ሁሉም ተረሳ፤ ልጄ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

ኤልሳዕና ሦስቱ ነገሥታት

ልጄ ከጠየቀኝ በኋላ ወደ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ተመለስኩ። ሦስት ነገሥታት ወደ ሞዓብ ዘምተዋል። ሰባት ቀን ተጉዘዋል፣ ለሠራዊቱም ለከብቱም ውኃ የለም። ሞት ደጃቸው ነው። ወደ ኤልሳዕ ወረዱ። ኤልሳዕ ደግሞ በእስራኤል ንጉሥ ላይ ተቆጥቷል፤ ለኢዮሣፍጥ ሲል ባይሆን ኖሮ ፊቱን እንደማያየው ነግሮታል። በዚያ ጥድፊያ፣ በዚያ ቁጣ መካከል ነቢዩ ምን ጠየቀ? በገና የሚመታ ሰው እንዲያመጡለት!

እስቲ አስቡት። ሠራዊት በጥም ሊያልቅ ነው፣ ነገሥታት ቆመው ይጠብቃሉ፣ ነቢዩ በገና ሊሰማ ተቀመጠ። እኛ ብንሆን «አሁን የበገና ጊዜ ነው ወይ?» እንል ነበር። ነገር ግን በገናው ሲመታ የእግዚአብሔር እጅ በነቢዩ ላይ እንደ መጣች ቃሉ ይነግረናል። ከዚያ ምክር መጣ፦ በሸለቆው ጉድጓድ ቆፍሩ። በማለዳም ምድሪቱ ውኃ ሞላች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውኃውን ያመጣው በገናው አይደለም፣ እግዚአብሔር ነው። ሙዚቃ አስማት አይደለም። የተቆጣና የተጣደፈ ልብ ግን ድምፁን ለመስማት ጸጥ ማለት ነበረበት፤ ነቢዩም ይህን አውቆ ጊዜ ሰጠው። ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቀም። ሥራው ከመስማቱ ወጣ።

በሐዋርያት ሥራ 16 ጳውሎስና ሲላስ በእኩለ ሌሊት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሲዘምሩ እስረኞቹ ያዳምጧቸው እንደ ነበር ሉቃስ ጽፏል። ሉቃስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን ውስጥ በሌላ ቦታ አይገኝም፤ ጆሮ ሰጥቶ በትኩረት ማዳመጥን ያመለክታል። እስረኛ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ያዳምጣል። እኔም በጨለማው ዘመን እንደዚያ ነበርኩ። ጥያቄው ግን መሄጃ ያለን ጊዜ እናዳምጣለን ወይ የሚለው ነው።

በዘዳግም 31 ደግሞ እግዚአብሔር ሙሴን መዝሙር ጽፎ ለሕዝቡ እንዲያስተምርና በአፋቸው እንዲያኖረው አዘዘው። ምክንያቱንም ነገረው፤ ብዙ ክፉ ነገርና ጭንቅ በሚያገኛቸው ጊዜ ያ መዝሙር ከዘራቸው አፍ ሳይረሳ ምስክር እንዲሆን ነው። መዝሙሩ የተሰጠው ከጭንቁ በፊት ነው። በጭንቁ ቀን ስልክ ይሞታል። የሚቀረው በአፍና በልብ የተቀመጠው ብቻ ነው።

አሁን የማደርገው

እንጀራ መጋገሬን አልተውኩም፤ ልጆቼ መብላት አለባቸው። ግን ሦስት ነገር ለወጥኩ።

አንደኛ፣ ስጋግር ስልኬን አልከፍትም። በመጀመሪያው ሳምንት ዝምታው ከበደኝ። አሁን የሊጡን መንጣጣት፣ የጎረቤት ዶሮን፣ ከሩቅ የቅዳሴውን ድምፅ እሰማለሁ፤ እጸልያለሁም።

ሁለተኛ፣ ምጣዱ ጠፍቶ እንጀራው ከሄደ በኋላ፣ ወደ ትምህርት ቤት ከመሮጤ በፊት፣ አንድ መዝሙር ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድ ብቻ። እጄን ባዶ አድርጌ። ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጄ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ሲያልቅም «ምን አለ?» እንባባላለን። አንዱን መዝሙር ለአንድ ሳምንት እንይዘዋለን። ያ የሚያለቅሰው ዘማሪም ለምን እንደሚያለቅስ አሁን ሁለታችንም እናውቃለን። ዓርብ ዓርብ ብዙ ጊዜ ይበላሽብኛል፤ የቅዳሜ ገበያ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ቅዳሜ እንደገና እጀምራለሁ።

ሦስተኛ፣ በመዘምራን ልምምዳችን አዲስ መዝሙር ከመያዛችን በፊት ወጣቶቹ ተቀምጠው አንድ ጊዜ ዝም ብለው ይሰሙታል። መጀመሪያ ላይ ስልካቸውን ይነካኩ ነበር። አሁን አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ወገኔ ሆይ፣ አንተም አንቺም «ጊዜ ሳገኝ እሰማለሁ» ካላችሁ፣ እኔ ሃያ ዓመት ስጠብቀው አልመጣም። ሲመጣ ደግሞ በጦርነት በኩል መጣ። ዛሬ ከሥራችሁ መካከል ቆርሳችሁ ስጡት። አባት ወይም እናት በሕይወት ካሉላችሁ ደግሞ፣ የሚወዱትን እነርሱ ባሉበት ስሙላቸው፤ የምትወዱትንም እናንተ ባላችሁበት አሰሟቸው። ጌታን ገና ያላወቃችሁና ይህን የምታነቡ ካላችሁም፣ ሶፎንያስ 3፥17ን ክፈቱና አንብቡ። እዚያ የሚዘምረው ሰው አይደለም፤ እግዚአብሔር ራሱ በሕዝቡ ላይ በደስታ ይዘምራል። ለእኛ የሚዘምር አምላክ ካለ፣ ከመስማት የሚበልጥ ምን ሥራ አለን?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ቤቴን በድምፅ ሞልቼ ጆሮዬን ስለ ዘጋሁ ይቅር በለኝ። በእጄ ሥራ መካከል ጸጥ ማለትን አስተምረኝ። ከጭንቅ ቀን በፊት መዝሙርህን በልቤ አኑር፣ በልጆቼም አፍ አኑር። ለላስታ፣ ለወሎና ለአገራችን ሁሉ ሰላምን ስጥ፤ ጊዜን ከጦርነት ሳይሆን ከአንተ እጅ እንቀበል ዘንድ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።